«ኔሜሲስ» ጠላት ማለት አይደለም፤ ደመኛማ በፍጹም

ሰሞኑን «ኔሜሲስ» ስለሚለው ቃል የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። ሦስቱም «አንተ እንዲህ ያለ ነገር ትወዳለህ» ብለው ነው። እውነታቸውን ነው፤ እወዳለሁ። ስለምወድም ነው እስከ መጨረሻው አንብቤ የበገንኩት።

ላላነበበ ሰው፣ ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ኔሜሲስ በግሪክኛ «ጠላት» ማለት ነው፤ የቃሉ ሥር ጥላቻ ነው። ኔሜሲስ የምትባለዋ የግሪኮች አምላክ ደግሞ የደላው ሰው ስታይ ዓይኗ የሚቀላ የበቀል አምላክ ነበረች። የሮም ግላዲያተሮች (ሕዝብ ፊት በመሣሪያ የሚፋለሙት) ሊያሸንፉት ያቃታቸውን ባላንጣ በስሟ ይጠሩት ነበር፤ ዛሬ ስፖርት ላይ የምንሰማው «የማይሸነፍ ባላንጣ» የሚለው ትርጉምም በቀጥታ ከዚያ የወረደ ነው። ኔሜሲስህ ማለት ከአንተ የሚበልጥ ሰው ማለት ነው። ስለዚህ በአማርኛ «ደመኛ» ብለን እንተርጉመው።

አጻጻፉ ይጥማል፣ አልዋሽም። ግን ከእነዚህ ነጥቦች ውስጥ ልክ የሆነው የአንዱ ግማሽ ብቻ ነው። እሱም ቃሉ ዛሬ በተለይ በእንግሊዝኛ ደጋግሞ የሚያሸንፍህን ተጋጣሚ ለመጥራት ያገለግላል የሚለው ነው። ይህን ማንም አይክድም። ጣጣው ያለው ከየት መጣ በሚለው ላይ ነው።

ከሥሩ ልጀምር። ቃሉ የወጣው «ኔሜይን» ከሚል የግሪክ ግሥ ነው። ማከፋፈል፣ ለእያንዳንዱ ድርሻውን መስጠት ማለት ነው። ጥላቻ የሚባል ነገር በአካባቢው የለም። ዘመዶቹን ማየት ይበቃል። «ኖሞስ»፣ ማለትም ሕግ፣ ከዚሁ ቤት ነው። ጠዋት ማታ የምንጠራው «ኢኮኖሚ» እንኳ መጨረሻው ላይ ያለው «ኖሚ» ይኸው ነው፤ ቤት ከሚያስተዳድር፣ ለቤተሰቡ ከሚያከፋፍል ሰው የመጣ። ጸሐፊው ልክ ቢሆን ኖሮ ኢኮኖሚ «የቤት ጥላቻ» ይሆን ነበር። (ወር መጨረሻ ላይ ልክ ሊመስል ይችላል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

ስለዚህ ነገሩ በመነሻው የድርሻ ጉዳይ ነው። የሚገባህ ይሰጥሃል፣ ያለድርሻህ የወሰድከው ይነጠቅሃል። ይህን ሐሳብ አማርኛ ጥሩ አድርጎ የሚይዘው ይመስለኛል። «ዕጣ ፈንታ» ስንል ፈንታ ድርሻ ነው። «ፍዳውን አየ» ስንል ፍዳ የመጣው ከግዕዙ «ፈደየ» ነው፤ ከፈለ፣ ብድሩን መለሰ ማለት ነው። «የእጁን አገኘ» ደግሞ በሁለት ቃል ጨርሶታል።

ጥንታዊው የግሪክ ባለቅኔ ሆሜር ጋ ሄዳችሁ ብታዩ ቃሉ ገና የአምላክ ስም ሳይሆን ተራ ቃል ሆኖ ታገኙታላችሁ። በኢሊያድ ሦስተኛው ክፍል ላይ የትሮይ ሽማግሌዎች ቅጥሩ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። ታች ሜዳው ላይ ዓመታት የፈጀ ጦርነት አለ። የጦርነቱ ሰበብ የሆነችው ሄለን ወደ እነሱ ስትመጣ ያያሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ትሮያውያንና ግሪኮች ለእንዲህ ያለች ሴት ይህን ያህል ዘመን መከራ ቢያዩ «ኔሜሲስ የለበትም» ይባባላሉ። እስቲ እዚህ ላይ «ጠላት» የሚለውን አስገብታችሁ አንብቡት። ምንም አይሰጥም። «አይፈረድባቸውም» በሉት ግን፤ ቁጭ ይላል። ሽማግሌዎቹ ያሉት ይህንኑ ነው። አይፈረድም። (ወዲያው ደግሞ «ቢሆንም ወደ አገሯ ትሂድልን» ይላሉ። ሽማግሌ ናቸዋ።)

እንግዲህ ኔሜሲስ መጀመሪያ ማንም ሰው አልነበረችም። ልክ ያልሆነ ነገር ሲያይ ሰው ሆድ ውስጥ የምትነሣ ቁጣ ነበረች፤ «ኧረ ይሄስ በዛ!» የምታሰኝ።

አምላኳን በተመለከተ ግን ጸሐፊው ሊደገፍበት የሚችል ነገር ነበረው። እሱ ባይጠቅሰውም እኔ ልስጠው። ሌላው የጥንት ግሪክ ባለቅኔ ሄሲዮድ የአማልክትን ትውልድ ሲቆጥር ኔሜሲስን የሌሊት ልጅ ያደርጋትና ለሟች የሰው ልጅ መከራ ናት ይላል። ክፉ ይመስላል። ግን ይኸው ሄሲዮድ በሌላው ግጥሙ ላይ ዓለም ሲበላሽ ምን እንደሚሆን ሲናገር፣ ሁለት ነገሮች ነጭ ልብሳቸውን ተከናንበው ምድርን ጥለው ወደ አማልክት ይሄዳሉ፣ ለሰው መከራ ብቻ ይቀራል ይላል። አንዷ አይዶስ ናት፤ እኛ ይሉኝታ የምንለው። ሌላዋ ኔሜሲስ ናት። ክፉ አምላክ ስትሄድ ሰው እልል ይላል እንጂ መከራ ቀረልኝ ብሎ አያለቅስም።

«የደላው ሰው ስታይ ዓይኗ ይቀላል» የሚለውን ደግሞ አርስቶትል ቀድሞ መልሶታል። ኔሜሲስን ከምቀኝነት በግልጽ ይለያታል። ምቀኛ በሰው ማግኘት ሁሉ ይቃጠላል፤ ማንም ያግኝ ማን። በሰው ውድቀት የሚደሰትም አለ። ኔሜሲስ መሀል ላይ ናት። የሚያንገበግባት ያለአግባብ የተገኘ ጥጋብ ብቻ ነው። በላቡ ያገኘ ሰው እሷን የሚፈራበት ምክንያት የለውም።

በሮማውያን ዘመን የተሠሩ ምስሎቿን ብታዩ እጇ ላይ ልጓም አለ፣ ወይ ጎማ መሳይ መንኰራኩር፣ ወይ የመለኪያ በትር። በትሩ ርዝመቱ ክንድ ነው። አንዳንዴ በትሩም ይቀርና ክርኗን አጥፋ የገዛ ክንዷን ታሳያለች። ግሪክኛው ልክ እንደ አማርኛው የሰውነት ክፍሉንና መለኪያውን በአንድ ቃል ነው የሚጠራው፤ ክንድ። ለክታ፣ የበዛውን ቆርጣ፣ ልጓም የምታስገባ ናት። ጠላት መለኪያ ይዞ አይመጣም።

አሁን ወደምወደው ታሪክ ልምጣ። ኔሜሲስ ከሁሉ የታወቀ ቤተ መቅደሷ የነበረው ከማራቶን ብዙም በማይርቅ ራምኑስ በሚባል ቦታ ነው። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አገር ለአገር እየዞረ ያየውን የጻፈው ፓውሳኒያስ እዚያ ደርሶ ሐውልቷን አይቷል። የነገሩት ታሪክ እንዲህ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ490 ፋርሶች ማራቶን ላይ ሲያርፉ አቴንስን መያዙን እንዳለቀ ነገር ቆጥረውት ነበር። ከመተማመናቸው የተነሣ ለድል ሐውልት የሚሆን ፓሮስ ከምትባል የግሪክ ደሴት የተፈለጠ ትልቅ እብነ በረድ በመርከብ ጭነው መጡ። ተሸነፉና ድንጋዩ ቀረ። ግሪኮቹም ከዚያው ድንጋይ የኔሜሲስን ሐውልት ቀረጹበት።

ገና ሳይዋጉ የድል ሐውልት ድንጋይ! ቃሉን ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ነገር አላውቅም። ፋርሶችን ያገኘቻቸው ጠላት ስለሆኑ አይደለም፤ ጦርነትማ ሁሉም ይዋጋል። ያገኘቻቸው ድንጋዩን በመጫናቸው ነው።

ሠሪው ፊዲያስ ነው ይላል ፓውሳኒያስ። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ደግሞ የፊዲያስ ተማሪ አጎራክሪቶስ ነው ብሎ ሌላ ታሪክ ያመጣል፤ እሱም ለዛሬው ነገራችን የተሰፋ ነው። አጎራክሪቶስና አልካሜኔስ የሚባለው የሙያ ተፎካካሪው የፍቅር አምላክ የአፍሮዲቴን ሐውልት ለመሥራት ተወዳደሩ። አቴናውያን ድምፅ ሰጡና አልካሜኔስ አሸነፈ፤ በሥራው ሳይሆን የአገራቸው ልጅ በመሆኑ። አጎራክሪቶስ የፓሮስ ሰው ነው፣ እንግዳ። በንዴት ሐውልቱን አቴንስ ውስጥ እንዳይቆም በሚል ውል ሸጠው፣ ስሙንም ለውጦ ኔሜሲስ አለው። ልብ በሉ፤ ኔሜሲስ ያለው ያሸነፈውን አልካሜኔስን አይደለም። ኔሜሲስ ያላት በደሉን የምትታዘብለትን ነው።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። ፓውሳኒያስ ሐውልቷን ሲገልጽ በአንድ እጇ የፖም ቅርንጫፍ፣ በሌላው ጽዋ ይዛለች ይላል። ጽዋው ላይ የተቀረጹት ኢትዮጵያውያን ናቸው። ግሪኮች በዚያ ዘመን በዚህ ስም የሚጠሩት ፊቱ የጠቆረውን የደቡብ ሰው በሙሉ ነው፤ ቢሆንም ሳነበው ደስ ማለቱ አልቀረም። ፓውሳኒያስ ለምን እንደተቀረጹ ራሱን ቢያስጨንቅም አልመጣለትም፤ ሌሎች የሰጡትንም ምክንያት አልቀበልም ብሎ አለፈ። ዘውዷ ላይ ደግሞ ትናንሽ የድል አምላክ ምስሎች ነበሩ። ድል የእሷ ጌጥ ነው፤ ለማን እንደሚገባ የምታውቀው እሷ ናትና።

ግላዲያተሮቹስ? እዚህ ላይ ጸሐፊው ነገሩን ገልብጦታል። ኔሜሲስና የሮም የትግል ሜዳ ግንኙነት አላቸው፤ ያ እውነት ነው። ዛሬ ኦስትሪያ ውስጥ ባለው ካርኑንቱም፣ እንግሊዝ ውስጥ ባለችው ቼስተር፣ ከሜዳዎቹ አጠገብ መቅደሶቿና መሠዊያዎቿ ተገኝተዋል። ግን ተፋላሚው ስለት የሚሳልላት ለራሱ ነው። ጠብቂኝ ይላታል። ባላንጣውን በስሟ የሚጠራበት ምን ምክንያት አለው? የገዛ ጠባቂህን ስም ለሚገድልህ ሰው አትሰጥም።

ማስረጃው ቬሮና ውስጥ በተገኘ የመቃብር ድንጋይ ላይ አለ። ሟቹ ግላውኩስ የሚባል ግላዲያተር፣ የሞዴና ከተማ ልጅ ነው። ሰባት ጊዜ ተጋጥሟል፣ በስምንተኛው ሞተ። 23 ዓመት ከ5 ቀን ኖረ። ድንጋዩን ያቆሙለት ሚስቱ አውሬሊያና የሚወዱት ሰዎች ናቸው። ጽሑፉ ላይ ሟቹ ራሱ ይናገራል፤ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ኮከብ ተጠንቀቁ፣ ኔሜሲስን አትመኑ፣ እኔ የተታለልኩት እንዲህ ነው ይላል። አትመኑ ያለው ስላመናት ነው። ጠላቱ ብትሆን ኖሮ «ተታለልኩ» አይልም ነበር። ስምንተኛውን ተጋጣሚውን ስሙን እንኳ አላነሣውም።

ታዲያ «የማይሸነፍ ባላንጣ» ከየት መጣ? መንገዱ ረጅም ነው፤ ግን በሮም ሜዳ አያልፍም። ቃሉ እንግሊዝኛ ውስጥ የገባው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ያኔም ትርጉሙ ፍዳና ቅጣት ነበር። ከዚያ ቀስ እያለ ከቅጣቱ ወደ ቀጪው ዞረ። ሼክስፒር በአንዱ የታሪክ ድራማው ውስጥ የፈረንሳዮች መቅሠፍት የነበረውን እንግሊዛዊ የጦር መሪ ታልቦትን «ጥቁር ኔሜሲስ» ያሰኘዋል። እዚህ ላይ ቃሉ ሥጋ ለብሷል፤ የታወቀ ሰው ሆኗል። ቢሆንም ታልቦት ገና ጅራፍ ነው እንጂ ተፎካካሪ አይደለም። «ሁሌ የሚያሸንፈኝ ሰው» ወደሚለው የወረደው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በተለይ አሜሪካ ውስጥ ነው። የስፖርት ወሬና የጀግና ተረት ተጋግዘው አወረዱት። ከዚያ ወዲያማ ማንኛውም የሚያናድድ ጎረቤት ኔሜሲስ ተባለ።

ትርጉም መውረዱ አያናድደኝም። ቃል እንዲህ ነው የሚኖረው። የሚያናድደኝ የትናንቱን ትርጉም የሦስት ሺህ ዓመት ነው ማለት ነው።

ደግሞ በወረደው ትርጉም ውስጥ እንኳ የድሮው ሽታ አልጠፋም። ለዚህ ነው «ከአንተ የሚበልጥ ሰው» የሚለውን የማልቀበለው። የሚበልጥህ ሰውማ ሞልቷል፤ ሁሉም ኔሜሲስህ አይደለም። ኔሜሲስህ ሌላውን ሁሉ አሸንፈህ ስትመጣ በር ላይ የሚጠብቅህ ነው።

ኬንያዊውን ሯጭ ፖል ቴርጋትን ውሰዱ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) 1996 አትላንታ፣ 10 ሺህ ሜትር፣ ኃይሌ ወርቅ፣ ቴርጋት ብር። 1997 የዓለም ሻምፒዮና፣ እንደገና። 1999፣ እንደገና። (የ1997ቱ አቴንስ ነበር፤ ራምኑስ ቅርብ ናት፣ ዝም ብዬ ነው።) 2000 ሲድኒ ላይ ቴርጋት የመጨረሻው ዙር ላይ ቀድሞ ፈተለከ። የመጨረሻውን ቀጥታ መስመር ሲገቡም እየመራ ነው። ያን ውድድር ስንቴ እንዳየሁት አልቆጥረውም፤ ባየሁት ቁጥር ግን በዚህኛውስ ቴርጋት ያሸንፋል እላለሁ። ኃይሌ ጎኑ ደረሰ፣ ትከሻ ለትከሻ ሆኑ፣ መስመሩ ላይ የኃይሌ ደረት ቀደመ። 27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ ለ27 ደቂቃ ከ18.29። ከሃያ አምስት ዙር በኋላ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ መካከል ከነበረው ያነሰ ነው።

ታዲያ ኃይሌ ከቴርጋት በሁሉም ይበልጥ ነበር? አይደለም። ቴርጋት ከ1995 እስከ 1999 አምስት ተከታታይ ዓመት የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን ነበር፤ ኃይሌ ያን ዋንጫ አንድም ጊዜ አልወሰደም። በ1997 ቴርጋት በዚያችው በ10 ሺህ ሜትር የኃይሌን የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ነበር፤ ኃይሌ በዓመቱ አስመለሰ። 2002 ለንደን ማራቶን ላይ ቴርጋት ሁለተኛ ሲወጣ ኃይሌ ከኋላው ሦስተኛ ነበር። የ2003ቱን የቴርጋትን የማራቶን ክብረ ወሰን በ2007 ማን ሰበረው? ኃይሌ፤ ያውም በዚያው በርሊን ላይ። ቴርጋት ደካማ አልነበረም። ሻምፒዮና ሲሆንና መም ላይ ሲሆን ብቻ ነው ያ ሰው የሚመጣበት። እሱን ነው ኔሜሲስ የሚሉት።

እኔም አለኝ፤ በእኔ ልክ። ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ቼዝ እጫወታለሁ፤ ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው፣ አንዴም አላሸነፍኩትም። እኔ ያለችግር የማሸንፋቸው ሁለት ልጆች እሱን ያሸንፉታል። ስለዚህ ይበልጠኛል ማለት አልችልም፤ አይበልጠኝም ማለትም አልችልም። ፈረሱን ሲያነሣ የታች ከንፈሩን ይነክሳል። ያን ሳይ ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋኛል። አንድ ቀን ንግሥቱን በልቼበት፣ በልቤ ለማን ለማን እንደማወራ እያሰብኩ ሳለ ዳር ላይ የረሳኋት አንዲት ወታደር ነግሣ አለቀልኝ። ድንጋይ ጭነው የመጡትን ፋርሶች ያኔ ነው ያስታወስኳቸው።

ጭራሽ አይሸነፍም ማለትም አይደለም፤ ጸሐፊው ይህንም ስቶታል። አሜሪካዊው የቴኒስ ተጫዋች ቪታስ ጌሩላይቲስ በጂሚ ኮነርስ 16 ጊዜ ተከታትሎ ተሸነፈ። በጥር 1980 በ17ኛው አሸነፈ። ከዚያ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ ቪታስ ጌሩላይቲስን 17 ጊዜ ተከታትሎ የሚያሸንፍ ሰው የለም አለ። ድርሻ ነው ብያችሁ የለ፤ ተራ ይደርሳል።

የቀረው ትርጉሙ ነው። ሌሎች ቋንቋዎች ይህን ነገር እንዴት እንዳሉት ማየት ደስ ይላል። ስፔኖች «ጥቁር አውሬ» ይላሉ፤ የሪያል ማድሪድ ደጋፊዎች ባየርን ሙኒክን ሲጠሩበት ኖረዋል። ጀርመኖች «የፍርሃት ተጋጣሚ» የሚል አንድ ጥምር ቃል አላቸው። ለእነሱ ጣሊያን ነበረች፤ በዓለም ዋንጫም በአውሮፓ ዋንጫም አሸንፈዋት አያውቁም ነበር፣ 2016 ላይ በፍጹም ቅጣት ምት እስኪያልፏት ድረስ። የእኔ ተወዳጅ የብራዚሎቹ ነው። እነሱ ነገሩን ገልብጠው ሁሌ የሚሸነፍላቸውን ቡድን «ደንበኛ» ይሉታል። እየመጣ ከፍሎ የሚሄድ።

አንዱም «ደመኛ» አላለም። ደመኛ ውስጥ ደም አለ፤ የተገደለ ወንድም፣ የሚጠበቅ በቀል፣ የማይታረቁት ሰው። ኃይሌና ቴርጋትን ደመኞች ብሎ የሚጽፍ ሰው መስመሩ ላይ ከተላለፉ በኋላ ሲተቃቀፉ አላያቸውም ማለት ነው። «ባላንጣ» ይሻላል፤ ግን ባላንጣን ታሸንፈዋለህ፣ ስለዚህ ግማሹ ይፈስሳል። ለድሮው ትርጉም «ፍዳ» ይበቃኛል። ለስፖርቱ እኔ «ጌታው» እላለሁ። ቴርጋት መም ላይ ጌታውን አገኘ። ማንም ሳይተረጎምለት ይገባዋል።

ባልደረባዬ ግን በዚህኛው ትርጉም ደስ እንዳይለው እሰጋለሁ፤ ማለቴ፣ ከልክ በላይ ደስ እንዳይለው። ጽሑፉን ከላኩልኝ ከሦስቱ አንዱ እሱ ነው።